ሱሉልታ ላይ የክብር ግድግዳ ያለው ምግብ ቤት

ሱሉልታ ውስጥ ከጎጃም መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ያለውን ይህን ምግብ ቤት ለወዳጆቼ ስጠቁም በቅድሚያ የማነሳው ምግቡን አይደለም። ጨጨብሳው እጅግ ጥሩ ነው፣ እርጎውም የአካባቢውን ስም የሚያስጠራ ነው፤ ወደ እነርሱ በኋላ እመለሳለሁ። ቤቱን ከሌሎች የሚለየው ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያስተናግደው ክርክር ነው። ባለቤቱ ለረጅም ዓመታት በካናዳዋ ቶሮንቶ የኖሩ፣ እዚያም የበረዶ ሆኪ ፍቅር ያደረባቸው ሰው ናቸው። ወደ አገር ቤት ሲመለሱ የምግብ ቤታቸውን አንድ ሙሉ ግድግዳ ከውድድር ለተሰናበቱ ስፖርተኞች መታሰቢያ አደረጉት፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ማን ሊሰቀል ይገባዋል የሚለውንም ጥያቄ ለራሳቸው ብቻ ሳያስቀሩ ለደንበኞቻቸው ክፍት አደረጉት።

ክርክሩ የሚመራበት ደንብ የተወሰደው ከቶሮንቶው የሆኪ የክብር አዳራሽ ነው። ይህ ተቋም በ1943 የተመሠረተ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከ1993 ጀምሮ የሚገኘው በቶሮንቶ መሃል፣ ያንግና ፍሮንት የተባሉት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን፣ በ1885 በተሠራ የቀድሞ የባንክ ሕንጻ ውስጥ ነው። አንድ ተጫዋች ለእጩነት የሚበቃው ከመጨረሻ ጨዋታው በኋላ ሦስት የውድድር ዘመናት ሲያልፉ ነው። መራጮቹ 18 ሲሆኑ ለመግባት የ14ቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በአንድ ዓመትም ከአራት በላይ ወንድ ተጫዋቾችና ከሁለት በላይ ሴት ተጫዋቾች አይመረጡም። ዝነኛው ተጫዋች ዌይን ግሬትዝኪ በ1999 ጨዋታ ባቆመበት ዓመት ውስጥ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ተነስቶለት ገብቷል፤ ከእርሱ ወዲህ ግን በዝናው ብቻ የመጠበቂያ ጊዜው የተነሳለት ተጫዋች የለም።

የሱሉልታው ቤት ይህን ደንብ ከሞላ ጎደል እንዳለ ተቀብሎታል። ሦስት ዓመት ይጠበቃል፤ ከመደበኛ ደንበኞች መካከል የተመደቡ 18 ሰዎች ይመርጣሉ፤ 14 ድምፅ ያላገኘ አይሰቀልም። በዚህም ምክንያት አዲስ እንግዳ ሁሉ ገና ከመቀመጡ የቀነኒሳ በቀለ ፎቶግራፍ የት እንዳለ ይጠይቃል። ቀነኒሳ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ሮጧል፤ ስለዚህ ጊዜው ገና አልደረሰም። ደንቡ በትልቅ ስም ፊት አለመታጠፉ ቤቱን በእኔ ዘንድ ያስከብረዋል።

በአንድ ነገር ግን ቤቱ ከቶሮንቶው ይለያል፣ እኔ እንደማምነውም ይበልጠዋል። የቶሮንቶው ኮሚቴ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው፤ ማን ስንት ድምፅ እንዳገኘ፣ ማንስ ለምን እንደቀረ ለሕዝብ አይገለጽም። የዚህ አሠራር ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በአሌክሳንደር ሞጊልኒ ታሪክ ማየት ይቻላል። ሞጊልኒ በ1989 ከሶቪየት ኅብረት ቡድን ስቶክሆልም ላይ ተለይቶ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ በ1992–93 የውድድር ዘመን ብቻ 76 ጎል ያስቆጠረ፣ በአጠቃላይ በ990 ጨዋታዎች 473 ጎሎች ያሉት፣ የኦሎምፒክ ወርቅም፣ የዓለም ሻምፒዮናም፣ የሰሜን አሜሪካው ትልቅ ሊግ አሸናፊ የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫም ያገኘ ተጫዋች ነው። ለእጩነት የበቃው በ2009 ነበር፤ የተመረጠው ግን በ2025 ነው። በእነዚህ 16 ዓመታት ውስጥ በጎሎቹ ቁጥር ላይ የተጨመረ አንድም ነገር የለም። ታዲያ በ2009 ያልበቃው ሰው በ2025 በምን በቃ? መልስ የሚሰጥ የለም፣ ምክንያቱም የተጠየቀ የለም። ሱሉልታ ላይ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው፤ የተቃወመ ሰውም ምክንያቱን ቆሞ ይናገራል። ክብር የሚነፍግ ሰው የነፈገበትን ምክንያት መደበቅ የለበትም ብዬ ስለማምን፣ ይህ ቤት ከትልቁ ተቋም የተሻለ ነገር ሠርቷል ለማለት አላመነታም።

የቅዳሜው ውሎ የሚጀምረው በጨዋታ ነው። በቶሮንቶ ክረምት ከምሽቱ አንድ ሰዓት የሚጀመር ግጥሚያ እዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለሚውል በቀጥታ መመልከት የሚታሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ባለቤቱ የተቀዱ ጨዋታዎችን እያሳዩ ለአዲስ ገቢዎች ያስረዳሉ። በየወገኑ በረኛውን ጨምሮ ስድስት ተጫዋቾች እንደሚሰለፉ፣ ጨዋታው ሦስት የ20 ደቂቃ ክፍሎች እንዳሉት፣ በኳስ ፈንታ ፓክ የሚባል ከጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር እንደሚመታ በትዕግሥት ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ አንድ የሆኪ ተጫዋች ለክርክር ይቀርባል፤ የእርሱ ጉዳይ ሲያልቅ ተመሳሳይ ጥያቄ የሚያስነሳ አንድ የእኛ ሯጭ ይከተላል። ቅደም ተከተሉ ታስቦበት የተደረገ ነው። ለማናውቀው ሰው ስንፈርድ ማስረጃ እንጠይቃለን፤ ለምንወደው ሰው ስንፈርድ ግን ፍቅራችን ይቀድማል። በማናውቀው ሰው ላይ ያጸናነውን መመዘኛ ወዲያው በራሳችን ሯጭ ላይ እንድናውል መገደዳችን የዚህን ቤት ክርክር በየካፌው ከሚሰማው ጭቅጭቅ ለይቶታል።

ከሰማኋቸው ሁሉ የበለጠ የያዘኝ በፖል ሄንደርሰንና በገዛኸኝ አበራ ላይ የተካሄደው ነው። በ1972 ካናዳና ሶቪየት ኅብረት ስምንት ጨዋታዎችን ሲያደርጉ፣ ሄንደርሰን በስድስተኛው፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው የማሸነፊያ ጎሎችን አስቆጠረ፤ የመጨረሻዋም ጎል ሞስኮ ላይ ጨዋታው ሊጠናቀቅ 34 ሰከንድ ሲቀረው የገባች ነበረች። በዚያ ዘመን የነበረ ካናዳዊ ሁሉ ያችን ጎል ያስታውሳታል። ይሁን እንጂ ሄንደርሰን በሰሜን አሜሪካው ትልቅ ሊግ፣ በኤን ኤች ኤል፣ ያስቆጠረው 236 ጎል ነው፤ ይህ መልካም ተጫዋች የሚያሰኝ እንጂ ከታላላቆቹ ተርታ የሚያሰልፍ አይደለም። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ2013 በራሱ የክብር መዝገብ አስገብቶታል፤ የቶሮንቶው አዳራሽ ግን አላስገባውም። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተነስተው አንድ ሕዝብ ለሃምሳ ዓመት የማይረሳው ነገር የሠራ ሰው ካልተከበረ ክብር ለማን ተፈጠረ ሲሉ ብዙዎቻችን ጸጥ አልን። ከጀርባ የተቀመጠ አንድ ወጣት ግን አዳራሹ የሚያከብረው ጎልን ሳይሆን ተጫዋችን እንደሆነ፣ ለጎሏ ሌላ መታሰቢያ ሊቆምላት እንደሚችል ተናገረ፤ እኔም በዚህ ከወጣቱ ጋር ነኝ።

ቀጥሎ የገዛኸኝ ስም ሲነሳ መምህሩ ፈገግ አሉ፣ ምክንያቱም ወጣቱ የገዛኸኝ ደጋፊ መሆኑን ያውቃሉ። ገዛኸኝ በ2000 ሲድኒ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ከማሞ ወልዴ የ1968 ድል በኋላ ኢትዮጵያ በወንዶች ማራቶን ለ32 ዓመት ያጣችውን ወርቅ መለሰ። በዓመቱ ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ሁለቱን ክብሮች በአንድነት የያዘ የመጀመሪያው ወንድ ማራቶን ሯጭም እርሱ ነው። ከዚያም በኋላ ጉዳት ሩጫውን አሳጠረበት። በሄንደርሰን ላይ የተባለው በገዛኸኝ ላይም ሊባል ይገባል ያሉ ነበሩ፤ ጥቂት ዓመት ብቻ አልታየምን? እዚህ ላይ ነው የቤቱ ክርክር ፍሬ ያፈራው። አንድ ጊዜ ማብራትና ለአጭር ጊዜ ማብራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገዛኸኝ ከሲድኒና ከኤድመንተን ሌላ በ2003 ለንደንን፣ በ1999፣ በ2001 እና በ2002 ደግሞ የጃፓኑን የፉኩኦካ ማራቶን አሸንፏል፤ ይህ ዕድል ወይም አንድ የተባረከ ቀን አይደለም። ሆኪውም ለዚህ ምስክር አለው፤ ቦቢ ኦር ጉልበቱ ተጎድቶ በ30 ዓመቱ ሲያቆም፣ በ1979 የመጠበቂያ ጊዜው ተነስቶለት ገና በ31 ዓመቱ ወደ አዳራሹ የገባው ዘመኑ አጭር ቢሆንም ምሉዕ ስለነበረ ነው። ገዛኸኝ የሚያስፈልገውን ድምፅ አግኝቶ ተሰቅሏል፤ መምህሩም እጃቸውን ካወጡት መካከል ነበሩ።

በግድግዳው ላይ በመጀመሪያ የተሰቀለው ምሩጽ ይፍጠር ነው። ባለቤቱ ለዚህ ሁለት ምክንያት አላቸው። አንደኛው ምሩጽ የመጨረሻ ዘመኑን በቶሮንቶ የኖረና በታኅሣሥ 2016 እዚያው ያረፈ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን ለክርክሩ ይበልጥ ይጠቅማል። ምሩጽ በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ 5,000 ሜትሩን ሳይሮጥ ቀረ፤ በ1976 የአፍሪካ አገሮች የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሲወጡ እርሱም ወጣ፤ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀቶች ሲያሸንፍ የወጣትነት ጉልበቱ ካለፈ በኋላ ነበር። ማርሽ ቀያሪው ያለ ጥፋቱ ያጣውን ኦሎምፒክ ስናስብ፣ ሰው በወሰደው ሜዳሊያ ብቻ ይመዘናል ወይስ እንዳይወስድ በተከለከለውም ጭምር የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

ለዚህ ጥያቄ ሆኪ ውስጥ ከኸርብ ካርኔጊ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ካርኔጊ በ1919 ቶሮንቶ የተወለደ ጥቁር ካናዳዊ ሲሆን፣ ችሎታው በዘመኑ ከነበሩት ጋር የሚስተካከል ሆኖ ሳለ በቀለሙ ምክንያት ትልቁን ሊግ ሳይረግጥ ዘመኑ አለፈ። የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ ለቦስተን የተሰለፈው በጥር 1958 ነው። አዳራሹ ኦሪን በ2018፣ ካርኔጊን ደግሞ በ2022፣ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ አስገብቷል፤ ሁለቱንም ያስገባው ግን በተጫዋችነት ሳይሆን ስፖርቱን ለገነቡ ሰዎች በተዘጋጀው ዘርፍ ነው። ባለቤቱ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። እኔ ካርኔጊ በተጫዋችነት መግባት ነበረበት ባይ ነኝ፤ በር የተዘጋበትን ሰው በሩን አላለፍክም ብሎ መመዘን ፍርድ አይደለም። የገንቢዎቹ ዘርፍ ራሱ ግን መልካም ሐሳብ ነው፤ በሱሉልታም ለአሠልጣኞች የተለየ ረድፍ አስገኝቷል። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያለ ብዙ ክርክር ተሰቅለዋል። አበበ ቢቂላን ያሠለጠኑት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ደግሞ የውጭ ዜጋ ይሰቀላል ወይ የሚል ሙግት አስነስተው በመጨረሻ ቦታቸውን አግኝተዋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ይህ ግድግዳ ሴቶችን አላከበረም። ከብዙ ወንዶች መካከል ያለችው ደራርቱ ቱሉ ብቻ ናት፤ እርሷን አለመስቀል ደግሞ የማይታሰብ ነበር። በ1996 አትላንታ ላይ ያሸነፈችው፣ የኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት፣ ከዚያም ከ1997 እስከ 1999 ቦስተንን በተከታታይ ሦስት ጊዜ የወሰደችው ፋጡማ ሮባ እስካሁን ለክርክር እንኳ አልቀረበችም። ቶሮንቶም በዚህ ረገድ የሚመሰገን አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች፣ ካሚ ግራናቶና የቶሮንቶዋ ተወላጅ አንጄላ ጄምስ፣ የገቡት በ2010 ነው፤ አዳራሹ ከተመሠረተ 67 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ከዚያ ስህተት ለመማር ደንቡን እንዳለ መቅዳት አይበቃም። ከ18ቱ መራጮች ሴቶች ሦስት ብቻ መሆናቸውም ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ጉዳዩን ለባለቤቱ አንስቼላቸው ቅር ሳይላቸው አድምጠውኛል።

ምግቡን በተመለከተ፣ ጨጨብሳው ትኩስ ሆኖ በቅቤና በማር ተለውሶ ይቀርባል፤ ቅቤው የአካባቢው ስለሆነ ሽታው ከመንገድ ይጠራል። እርጎው ወፍራምና በልኩ የኮመጠጠ ነው። ጠዋት ከልምምድ የሚመለሱ ሯጮች በሶ ሲያዙ አይቻለሁ፤ በሶው በንጹሕ ውኃና በጥቂት ማር ተበጥብጦ ሲቀርብ ልክ እንደሚጠበቀው ነው። የጾም ቀን ሽሮው ጥሩ ሲሆን አትክልቱ ግን ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ጥብሱን አልመክርም፤ ቅዳሜ ሕዝቡ ሲበዛ በጣም ይዘገያል፣ ሲመጣም ሥጋው ደርቆ ነው የሚመጣው። ዋጋው በከተማው መሃል ካሉ ተመሳሳይ ቤቶች ያነሰ ነው፤ በቴሌብርም መክፈል ይቻላል።

አስተናጋጆቹ ትሑታንና ንቁ ናቸው፤ ነገር ግን በክርክሩ ሰዓት እነርሱም ተከራካሪ ስለሚሆኑ ቡና ለማዘዝ መጣራት ያስፈልጋል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቆሞ ይሰማል። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል፣ በግድግዳው በኩል ያለው መስኮትም በደንብ አይዘጋም፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ይዞ መሄድ ይገባል። የመጸዳጃ ቤቱ ንጽሕና ጥሩ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አዲሱ ገበያ ላይ የሱሉልታ ታክሲ ይይዛል። መምጣቱ አያስቸግርም፤ ችግሩ መመለሱ ነው። ከመሸ በኋላ ታክሲ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ክርክሩ ሲረዝም ከተማ የሚመለሱት መራጮች ድምፅ ሳይሰጡ ይነሳሉ። በቤቱ ደንብ ያልተገኘ መራጭ እንደተቃወመ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም 14 የሚቆጠረው ከ18 እንጂ ከተገኙት አይደለም።

የስለሺ ስህን ጉዳይ የወደቀው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ዕለት ከሆኪ በኩል የቀረበው በረኛው ከርቲስ ጆሴፍ ነበር፤ 454 ጨዋታዎችን ያሸነፈ፣ የስታንሊ ዋንጫ ግን አንድ ጊዜም ያላነሳ፣ እስከ 2025 ድረስም አዳራሹ ያልተቀበለው። በስለሺ ላይ የተነሳው ክርክርም ይኸው ነው። በ2004 አቴንስና በ2008 ቤጂንግ የ10,000 ሜትር ብር፣ በ2005 ሄልሲንኪ በ5,000ም በ10,000 ሜትርም ብር፣ በ2007 ኦሳካ እንደገና ብር። በአሥር ሺህ ሜትሩ አራት ጊዜ የቀደመው ያው ቀነኒሳ በቀለ ነው፤ በሌላ ዘመን ቢወለድ ኖሮ ወርቁ የማን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም። በአቴንስ ደግሞ የተጎዳው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ስለሺና ቀነኒሳ ዞር ዞር እያሉ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ሲጠብቁት አይተናል። ሁለተኛ መውጣትን ደጋግሞ በክብር የተሸከመ፣ ለታላቁም የጠበቀ ሰው ለዚያ ግድግዳ ካልበቃ ማን እንደሚበቃ አላውቅም። ከተቃወሙት ሰዎች የሰማሁት ምክንያት ወርቅ የለውም የሚል ብቻ ነበር፤ ካልተገኙት ደግሞ ምንም ምክንያት አልተሰማም፣ የክፍት ድምፅ ጥቅሙም በእነርሱ ላይ ቀረ። ስለዚህ ባለቤቱን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ድምፅ መስጠቱ ከ11 ሰዓት በፊት እንዲሆን፣ የስለሺም ጉዳይ 18ቱ በሙሉ በተገኙበት እንደገና እንዲቀርብ።